ሥር የሰደደ የቆሽት መቆጣትና የታማሚው አመጋገብ በጉራጌ ማዕድ

ሥር የሰደደ የቆሽት መቆጣት በወቅቱ ካልታወቀና በአመጋገብና በመድኃኒት ካልተያዘ ለማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ ለክብደት መቀነስና ለስኳር በሽታ የሚዳርግ የጤና ችግር ነው። በሽታው ፈጽሞ ባይድንም ታማሚው የሚበላውን ምግብ መርጦ፣ አልኮልና ሲጋራን አስወግዶ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት በአግባቡ ከወሰደ ሥራውን እየሠራና ቤተሰቡን እየመራ ለረጅም ዓመታት ሊኖር ይችላል።

የጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ወልቂጤ፣ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ቡታጅራና በአካባቢያቸው ለሚኖር ታማሚ ጉዳዩ የራሱ የሆነ ክብደት አለው። በአካባቢው እንግዳ የሚከበረው፣ በዓል የሚደምቀውና ቤተሰብ የሚሰባሰበው በቅቤ በለወሰ ክትፎ ዙሪያ በመሆኑ «ቅባት ቀንስ» የሚለው የሐኪም ምክር ከማዕዱ ብቻ ሳይሆን ከማኅበራዊ ሕይወቱም የሚነጥለው ሊመስል ይችላል። ይህ ጽሑፍ የበሽታውን ምንነት፣ ምልክቶቹን፣ እንዲሁም ታማሚው ከአካባቢው ባህላዊ ምግቦች የትኞቹን እንዴት ሊመገብ እንደሚችል ያስረዳል።

የቆሽት ምንነትና ተግባር

«ቆሽቴ አረረ» የሚለው አነጋገር ለብስጭት መግለጫነት በሰፊው ቢታወቅም ስለ ቆሽት አካላዊ ተግባር ያለው ግንዛቤ ግን አነስተኛ ነው። ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ በአግድም የተጋደመ፣ በአዋቂ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዕጢ ሲሆን፣ በግራ ጎን ከሚገኘው ጣፊያ የተለየ አካል ነው።

ቆሽት ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው ስብን፣ ፕሮቲንንና ኃይል ሰጪ ምግቦችን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን አመንጭቶ ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ከእነዚህም መካከል ስብን የሚፈጨው ሊፔዝ ይገኝበታል። ሁለተኛው በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚቆጣጠሩትን ኢንሱሊንና ግሉካጎን የተባሉትን ሆርሞኖች ማመንጨት ነው።

ቆሽት በተደጋጋሚ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ ጤናማው ክፍል ቀስ በቀስ በጠባሳ ይተካል፤ ቱቦዎቹ ይጠባሉ፤ በውስጣቸውም ድንጋይ መሰል ጠጣር ነገር ሊፈጠር ይችላል። አንዴ ጠባሳ የሆነው ክፍል ተመልሶ ጤናማ አይሆንም። በመሆኑም የሕክምናው ዓላማ ቀሪውን ክፍል ከጉዳት መጠበቅ፣ የጎደለውን ኢንዛይምና ሆርሞን መተካት እንዲሁም ሕመሙን ማስታገስ ነው።

የበሽታው መንስኤዎች

ለረጅም ጊዜ አልኮል አብዝቶ መጠጣት በዓለም ዙሪያ ከሚታወቁት መንስኤዎች ቀዳሚው ሲሆን፣ ሲጋራ ማጨስም ራሱን የቻለ መንስኤ ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲገኙ ጉዳቱ ይፋጠናል። ከዚህ በተጨማሪ በደም ውስጥ ያለ የስብ ወይም የካልሲየም መጠን ከልክ በላይ መጨመር፣ የቆሽት ቱቦ መዘጋት፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ቆሽትን ማጥቃትና በዘር የሚወረስ ችግር ለበሽታው ይዳርጋሉ። በሐሞት ጠጠር ምክንያት በተደጋጋሚ የሚነሳ ድንገተኛ የቆሽት መቆጣትም ወደ ሥር የሰደደው ዓይነት ሊያድግ ይችላል። ወስፋት ወደ ሐሞትና ወደ ቆሽት ቱቦ ገብቶ መቆጣትን የሚያስከትልበት አጋጣሚም ስላለ የግልና የአካባቢ ንጽሕና ከቆሽት ጤና ጋር ይያያዛል።

በሞቃታማ አገሮች ደግሞ አልኮል ቀምሰው የማያውቁ ወጣቶችን የሚያጠቃ፣ በቆሽት ውስጥ ጠጠር የሚፈጥርና በኋላም የስኳር በሽታ የሚያስከትል ዓይነት ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንን የስኳር በሽታ እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር ከተያያዙት ዓይነቶች መድቦት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባደረገው ማሻሻያ ከቆሽት በሽታዎች በሚመነጩት ሥር አካቶታል። በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ደግሞ መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል። በመሆኑም ቆሽቱ የታመመን ሰው ሁሉ ጠጪ አድርጎ መቁጠር ተገቢ አይደለም። እንዲህ ያለው ግምት ታማሚው እንዲያፍርና ሕክምናውን እንዲያዘገይ ያደርጋል።

ከጨጓራ በምን ይለያል?

የበሽታው ዋነኛ ምልክት ከእንብርት በላይ ባለው የሆድ ክፍል የሚሰማና ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ ከምግብ በኋላ ይብሳል፤ ታማሚው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥም ጥቂት ፋታ ሊሰጠው ይችላል። ሕመሙ ስፍራው ከጨጓራ ሕመም ጋር ስለሚቀራረብ ብዙዎች «ጨጓራ ነው» በማለት የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት እየገዙ ይቆያሉ።

ሁለተኛው ምልክት የሰገራ ለውጥ ነው። የቆሽት ሊፔዝ የማመንጨት አቅም ከመደበኛው ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ስብ ሳይፈጭ በሰገራ ይወጣል። ሰገራው ይገረጣል፤ ክፉ ሽታ ይኖረዋል፤ ቅባት ይታይበታል፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍና በቀላሉ ታጥቦ የማይሄድ ይሆናል። ይህም ከጃርዲያ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል የሰገራ ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። እየበሉ መክሳት፣ የሆድ መነፋት፣ ድካምና አዲስ የተከሰተ የስኳር በሽታም ሌሎች ምልክቶች ናቸው።

የጨጓራ መድኃኒት በተደጋጋሚ ወስዶ ለውጥ ያላየ፣ በተለይም ክብደቱ የቀነሰ ወይም ሕመሙ ወደ ጀርባው የሚዘልቅበት ሰው ስለ ቆሽቱ ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ይኖርበታል። በሥር የሰደደው ዓይነት በደም ውስጥ የሚለካው የአሚሌዝና የሊፔዝ መጠን መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል አንድ የደም ምርመራ ብቻውን በሽታው የለም ለማለት አያበቃም። እንደ አስፈላጊነቱ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን፣ የስኳር ምርመራና በሰገራ ውስጥ የኢንዛይም ልኬታ ይታዘዛል።

በወልቂጤና በአካባቢዋ ለሚኖር ታማሚ የመጀመሪያው መንገድ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። በአካባቢው ከሚገኙት ሆስፒታሎች መካከል የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል ይጠቀሳሉ። ከፍ ያለ ምርመራና የቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ታማሚ ደግሞ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ታማሚው የቀድሞ የምርመራ ውጤቶቹን በአንድ ማኅደር አሰባስቦ መያዙ ድግግሞሽንና ወጪን ይቀንስለታል።

የአመጋገብ መሠረታዊ መርሆዎች

ቀደም ባሉት ዓመታት ለታማሚዎች ይሰጥ የነበረው ምክር ስብን በእጅጉ መቀነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓ የክሊኒካዊ ሥነ ምግብና የሜታቦሊዝም ማኅበር ያወጣው መመሪያ ግን ለሁሉም ታማሚ ጥብቅ የስብ ገደብ እንደማያስፈልግ አመልክቷል። ስብ የሚቀነሰው የኢንዛይም መድኃኒት በአግባቡ ተወስዶም ሰገራው ቅባት ማሳየቱን ከቀጠለ ነው። ምክንያቱም የአብዛኛው ታማሚ ትልቁ ችግር የምግብ እጥረት በመሆኑ ስብን ፈጽሞ ማስወገድ ክብደቱን ይበልጥ ሊቀንሰው ይችላል።

የኢንዛይም መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ማግኘት ያልቻለ ታማሚ ሐኪም እስኪያየው ድረስ የስቡን መጠን በመቀነስና በቀኑ ምግቦች ላይ በትንሽ በትንሹ በማከፋፈል ሰገራው የሚስተካከልበትንና ሕመሙ የሚቀንስበትን ልክ መከታተል ይኖርበታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 13 ግራም ያህል ስብ ይይዛል። በመሆኑም ቅቤን ወይም ዘይትን በእጅ ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ ለክቶ መጠቀም ቀላልና ጠቃሚ ልማድ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ ይመከራል። የፕሮቲን ፍላጎትን በተመለከተ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም በቀን የሚለው ልኬት ያገለግላል። ይህም 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስብ በአግባቡ ካልተፈጨ ከስብ ጋር ወደ ሰውነት የሚገቡት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ስለሚጎድሉ አጥንት ሊሳሳና የዓይን ችግር ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ የቫይታሚኖቹ መጠንና የአጥንት ጤና በሐኪም ክትትል ሊደረግባቸው ይገባል።

የአካባቢው ምግቦች ሲመዘኑ

ክትፎ የሚዘጋጀው ስብና ጅማት ከተለየለት ቀይ ሥጋ ነው። ለቆሽት ታማሚ ከባድ የሚሆነው ሥጋው ራሱ ሳይሆን የሚለወስበት ቅቤ ነው። በመሆኑም ታማሚው ከክትፎ ገበታ መነሳት አይጠበቅበትም። የእርሱ ድርሻ ቅቤ ሳይገባበት ተለይቶ፣ በደንብ በስሎና በማንኪያ በተለካ ቅቤ ብቻ ተለውሶ በጣባው ሊቀርብለት ይችላል። ጥሬ ወይም ለብለብ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ስለሚችል ቀድሞውንም ምግብ በአግባቡ በማይፈጭለት ሰው ላይ ተጨማሪ ችግር ይሆናል። ሚጥሚጣም ሕመሙን የሚያብስበት ከሆነ ሊቀነስ ይገባል።

አይብ ለታማሚው ከሚስማሙት ምግቦች አንዱ ነው። ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚዘጋጅ ስቡ አነስተኛ፣ ፕሮቲኑ ግን ጥሩ ነው። ቅቤ ሳይጨመርበት ከተቀቀለ ጎመን ጋር ሲቀርብ ተስማሚ ማዕድ ይሆናል። ጎመን ክትፎ ሲዘጋጅም ቅቤው በተመሳሳይ መልኩ ሊለካ ይገባል።

ቆጮ በአብዛኛው ኃይል ሰጪ ምግብ ሲሆን ስቡ እጅግ አነስተኛ ነው። ሆኖም ፕሮቲኑም በጣም ጥቂት በመሆኑ ብቻውን ሰውነትን አይገነባም፤ ከአይብ፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ከሥጋ ወይም ከጥራጥሬ ጋር ሊበላ ይገባዋል። አሰር የበዛበት ምግብ የኢንዛይሞችን ሥራ ሊያውክና ሆድን ሊነፋ ስለሚችል ይህ ችግር የሚታይበት ሰው የቆጮውን መጠን ቀንሶ ቡላን መምረጥ ይችላል። ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣ ንጹሕ ስታርች በመሆኑ ለሆድ የቀለለ ነው። የቡላ ገንፎ በልማድ ቅቤ ተደፍቶበት የሚቀርብ ቢሆንም ስቡ በተቀነሰለት ወተት ወይም በእርጎ ቢዘጋጅ ለታማሚው ይስማማል።

ሽሮና ምስር ወጥ ዘይታቸው ከተለካ ጥሩ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው። ሙዝ፣ ፓፓያና ማንጎ ይስማማሉ። አቮካዶ ግን ስብ የበዛበት ፍራፍሬ በመሆኑ ያለ ኢንዛይም መድኃኒት አብዝቶ መመገብ አይመከርም። ቡና ለሁሉም ታማሚ የተከለከለ ባይሆንም ቅቤ ጠብ የሚደረግበት ቡና ግን በስቡ ምክንያት ከምግብ ተቆጥሮ ሊታሰብ ይገባል።

ለአብነት ያህል የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ታማሚ ጠዋት የአጃ ወይም የቡላ አጥሚትና አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ረፋድ ላይ ሙዝ፣ ምሳ በእንጀራ ምስር ወጥና አይብ፣ ከሰዓት በኋላ ዳቦ በሻይ፣ እራት ቆዳው የተነሳ ዶሮ ወይም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከቆጮና ከጎመን ጋር፣ ከመኝታ በፊት ደግሞ አንድ ብርጭቆ እርጎ ሊመገብ ይችላል። መጠኑና ዓይነቱ እንደ ክብደቱ፣ እንደ ስኳር መጠኑና እንደ አቅሙ በባለሙያ ሊስተካከል ይገባል።

የኢንዛይም መድኃኒት አወሳሰድ

የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካው መድኃኒት በእንክብል መልክ የሚሰጥ ነው። ለአዋቂ ሰው የተለመደው የመነሻ መጠን ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 የሊፔዝ ዩኒት፣ ለመክሰስ ደግሞ የዚሁ ግማሽ ነው። መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋርና በምግቡ መካከል ነው። ከምግብ ቀደም ብሎ ወይም ምግብ ካለቀ በኋላ ቢወሰድ ከምግቡ ጋር በአግባቡ አይገናኝም። እንክብሉ አይታኘክም፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው በሙቅ መጠጥ አይወሰድም፤ በፀሐይ ወይም በተሽከርካሪ ውስጥም አይቀመጥም። ወተት ያለበት እንደ ማኪያቶ ያለ መጠጥም ኢንዛይም ሊፈልግ ይችላል።

መድኃኒቱ የሚዘጋጀው ከዐሳማ ቆሽት መሆኑን ታማሚው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። የዐሳማ ሥጋ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ የማይበላ በመሆኑ አንዳንድ ታማሚ ይህን በኋላ ሲሰማ መድኃኒቱን በዝምታ ሊያቋርጥ ይችላል። ተገቢው መንገድ ጉዳዩን ለሐኪሙ መግለጽና ለሕመም የሚወሰድ መድኃኒትን በተመለከተ የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት አዋቂን ማማከር ነው።

ጾምና በዓል

በጾም ወቅት ምግብ ሳይቀምሱ ረጅም ሰዓት መቆየትና በምሽት በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት ለታማሚው አይስማማም። በክርስትናም ሆነ በእስልምና ሕመምተኛ ከጾም ነጻ የሚሆንበት ወይም ጾሙ የሚቀልለት ሥርዓት ስላለ ውሳኔው ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር በመመካከር ሊሰጥ ይገባል። መጾምን የመረጠ ታማሚ የፕሮቲን ምንጩን ከምስር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ማግኘት ሲኖርበት፣ ሱፍ፣ ኑግና ተልባ ግን ቅባት የበዛባቸው መሆናቸውን ማስታወስ ይገባዋል።

በዓለም አቀፉ የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የመስቀል በዓል በጉራጌ ከሩቅም ከቅርብም ያለው ቤተሰብ የሚገናኝበት ነው። እናቶች ቅቤውን፣ አባወራዎች የሰንጋውን ገንዘብ አስቀድመው የሚያጠራቅሙለት በዓል በመሆኑ የቀረበን ምግብ አለመብላት እንደ ቅሬታ ሊቆጠር ይችላል። በመሆኑም ታማሚው በዓሉ ከመድረሱ በፊት ሁኔታውን ለባለቤቱ፣ ለእናቱ ወይም ለቤቱ ታላቅ ሰው ቢያስረዳ ድርሻው ተለይቶ ይዘጋጅለታል፤ «ብላልኝ፣ ጠጣልኝ» በሚል ግብዣም አይቸገርም። ለቆሽት ታማሚ «በሞቴ» እያሉ ማጉረስና መጠጥ መጋበዝ ፍቅር ቢሆንም ጉዳት እንደሚያስከትል ቤተሰብ ሊገነዘብ ይገባል።

አልኮል፣ ሲጋራና ጫት

ቆሽቱ ለተጎዳ ሰው ጉዳት የማያደርስ የአልኮል መጠን የለም። ይህም ቢራን፣ ጠላን፣ ጠጅንና አረቄን በእኩል ይመለከታል። ሲጋራን ማቆም የበሽታውን ግስጋሴ ያዘገያል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ታማሚው ምግብ እንዲዘል ያደርገዋል፤ ከጫት በኋላ «ጨብሲ» በሚል የሚወሰደው መጠጥ ደግሞ በተጎዳው ቆሽት ላይ ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና የአእምሮ መታወክ ሊገጥመው ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቢያቆም ይመረጣል።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች አልኮልና የትምባሆ ምርቶችን መሸጥ ይከለክላል። በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስንም ያግዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህንን ማስከበራቸው ታማሚ ባልደረቦቻቸውን ጭምር ይጠቅማል።

ሕመምን ማስታገስና የስኳር ክትትል

ለቀላል ሕመም በሐኪም ምክር ፓራሲታሞል ይወሰዳል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አዘውትሮ መውሰድ ጨጓራን ሊያቆስልና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እንደ ትራማዶል ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ደግሞ ልማድ የማስያዝ ባሕርይ ስላላቸው በሐኪም ቁጥጥር ብቻ ይወሰዳሉ። በመድኃኒት ላልተሻለው ቱቦውን የዘጋውን ጠጠር በኤንዶስኮፒ ማውጣት ወይም ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚቻልበት ሁኔታ አለ።

ከቆሽት ጉዳት የሚመጣው የስኳር በሽታ ከተለመደው ለየት ይላል። ኢንሱሊን ብቻ ሳይሆን ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ግሉካጎንም ስለሚጎድል፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ታማሚ ምግብ ከዘለለ የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ሲሰማው ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ከረሜላ ሊወስድ ይገባዋል። ለዚህም ከኪሱ ከረሜላ ባይለየው ይመረጣል።

ቢሮ፣ ስብሰባና የመስክ ሥራ

ረጅም ስብሰባና የመስክ ጉዞ የታማሚውን የምግብ ሰዓት ያዛባሉ። ሠራተኛው ቁርጥራጭ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና መድኃኒቱን ይዞ ቢንቀሳቀስ፤ የቅርብ ኃላፊውም ሁኔታውን አውቆ ለምግብና ለመጸዳጃ የሚሆን ጊዜ ቢፈቅድለት ሥራው ሳይበደል ጤናው ይጠበቃል። ሕመሙ ከውጭ የማይታይ በመሆኑ ታማሚው በስንፍና ሊጠረጠር ይችላል። የሐኪም ማስረጃ ለአስተዳደር ክፍል ማቅረብ እንዲህ ያለውን አለመግባባት ያስቀራል።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልግበት ጊዜ

ፋታ የማይሰጥ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ እንዲሁም ራስን መሳት የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሥር የሰደደ የቆሽት መቆጣት ያለበት ሰው ለቆሽት ካንሰር ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው የላቀ በመሆኑ ያለ ምክንያት የሚቀጥል አዲስ መክሳት ወይም የሕመሙ ጠባይ መለወጥ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

በአጠቃላይ የበሽታው አያያዝ በታማሚው ብርታት ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ቅቤውን ለክታ የምታቀርብ ባለቤት፣ መጠጥ የማይጋብዝ ወዳጅ፣ የምግብ ሰዓቱን የሚያከብርለት ኃላፊና ክትትሉን የማያቋርጥ ሐኪም የሕክምናው አካላት ናቸው። እነዚህ ከተሟሉ ታማሚው ከወገኑ ማዕድ ሳይለይ፣ በጣባው የራሱን ድርሻ ይዞ ጤናውን መጠበቅ ይችላል።